ንቀትን የሚያስወግደው ምን ዓይነት ወሬ ነው?
በሺሺንዳ የቀረበ የሕዝብ ትምህርት ንግግር



ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንድ ሙያ ነው። አንድ ሰው ሌላውን ወገን ንቆ ወይም ተጸይፎ ሲኖር፣ ምን ቢባል፣ በማን ቢባል፣ በምን ዓይነት አነጋገር ቢባል ልቡ ይለዝባል? ሙያው ይህን ይመረምራል። መስበክ ሁላችንም እንችላለን። ከስብከቱ በኋላ ሰውየው መለወጥ አለመለወጡን ተከታትሎ የሚለካ ግን ጥቂት ነው።

ይህን ልኬት ካራቀቁት ሰዎች ግንባር ቀደሞቹ በአሜሪካ ለተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎችና ለትራንስጀንደር ሰዎች መብት የሚሟገቱት ናቸው። ይህን ከወዲሁ የምናገረው ንግግሬ መሃል ላይ ሲደርስ የሚደነግጥ ሰው እንዳይኖር ነው። የአገራችን ሕግ ምን እንደሚል ታውቃላችሁ፤ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 629 የተመሳሳይ ጾታ ግብረ ሥጋን ያስቀጣል። የሃይማኖት አባቶቻችን አቋምም የተሰወረ አይደለም። እንዲህ ሆነው የተፈጠሩ ኢትዮጵያውያን ግን አሉ፤ ስለ ራሳቸው አፍ አውጥተው የሚናገሩት በአብዛኛው ባሕር ማዶ ሆነው ነው፤ ሀውስ ኦፍ ጉራማይሌ የተባለው ማኅበር አንዱ ነው። ዛሬ ማታ በዚህ ጉዳይ አቋማችሁን እንድትቀይሩ አልጠይቃችሁም። ሰው በመሆናቸው አይደበደቡ፣ አይዋረዱ ማለት ግን አቋም መቀየርን የሚጠይቅ አይመስለኝም።

ታዲያ የአሜሪካን ወሬ ሺሺንዳ ድረስ ምን አመጣው? ያመጣሁት በካፋ ተንቆ ስለሚኖረው ማኅበረሰብ፣ ስለ ማንጆ ለመነጋገር ነው። ወደ እሱ እመለሳለሁ።

ነገሩ የጀመረው በሽንፈት ነው። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2008 የካሊፎርኒያ ሕዝብ ባራክ ኦባማን በመረጠበት በዚያው ቀን፣ የተመሳሳይ ጾታ ጋብቻን የሚከለክል ማሻሻያ በ52 በመቶ ድምፅ አጸደቀ። ተሟጋቾቹ ብዙ ገንዘብ አፍስሰው ነበር። ከምርጫው በፊት የክልከላው ደጋፊዎች በቴሌቪዥን ያስተላለፉት አንድ ማስታወቂያ ነበር፤ አንዲት ትንሽ ልጅ ከትምህርት ቤት መጽሐፍ ይዛ ትመጣና ልዑል ልዑልን እንደሚያገባ እንደተማረች ለእናቷ ትነግራታለች። የእናትየዋ ፊት ይለዋወጣል።  ዴቪድ ፍላይሸር የተባሉ የምርጫ ዘመቻ ባለሙያ በየዕለቱ የተሰበሰበውን የሕዝብ አስተያየት በኋላ ሲመረምሩ፣ በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ሐሳባቸውን ለውጠው ወደ ክልከላው ያዘነበሉት በብዛት ቤታቸው ከ18 ዓመት በታች ልጅ ያላቸው ወላጆች ሆነው ተገኙ። እነዚህ ሰዎች የመጡት ከጥላቻ አልነበረም፤ ለልጃቸው ፈርተው ነው። ተሟጋቾቹ ደግሞ የሚያወሩላቸው ስለ እኩልነትና ስለ ሕግ ነበር።

ሌላው ግኝት ለእኔ ከዚህም የበለጠ ያስገርማል። ተመራማሪዎች መራጮችን ሁለት ጥያቄ ጠየቁ። እናንተ ለምን ተጋባችሁ? ብዙዎቹ ስለ ተዋደድን፣ ቃል ኪዳን ለመግባት አሉ። የተመሳሳይ ጾታ ጥንዶችስ ለምን መጋባት የሚፈልጉ ይመስላችኋል? ብዙዎቹ መብትና ጥቅማ ጥቅም ለማግኘት አሉ። ይህን መልስ ማን አስተማራቸው? ራሳቸው ተሟጋቾቹ። ለዓመታት ሲናገሩ የኖሩት ስለ ጡረታ፣ ስለ ግብር፣ ሆስፒታል ገብቶ ስለ መጠየቅ መብት ነበር፤ የተናገሩት ሁሉ እውነት ቢሆንም ሰሚው ልቡን ዘጋ። ከዚያ በኋላ መልእክቱ ተለወጠ። ማስታወቂያው ላይ የሚወጡት አያቶች፣ ቄሶች፣ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ሆኑ፤ እኔም መጀመሪያ ከብዶኝ ነበር፣ ቆይቼ ግን እንዲህ አሰብኩ እያሉ የራሳቸውን መንገድ የሚናገሩ። በየክፍለ ግዛቱ ሕዝበ ውሳኔ ከ30 ጊዜ በላይ የተሸነፈው ወገን እ.ኤ.አ. በኅዳር 2012 በሜይን፣ በሜሪላንድና በዋሽንግተን አሸነፈ፤ በሚኒሶታም ክልከላው ወደቀ። ማሸነፋቸው በመልእክቱ ብቻ ነው ብዬ አልምልም፤ ዘመኑም እየተለወጠ ነበር። ማስታወቂያ ሠሪ ድሉን ሁልጊዜ ለራሱ ይጽፋል።

ፍላይሸርና የሎስ አንጀለስ ባልደረቦቻቸው ግን ማስታወቂያውን ትተው ሌላ መንገድ ያዙ። በጎ ፈቃደኞችን አሰልጥነው በብዛት ወደ ተሸነፉባቸው ሰፈሮች ላኩ። በር አንኳኩተው፣ ለምን እንዲህ መረጥክ? ብለው ይጠይቃሉ። የሚጠይቁትም ለመከራከር ሳይሆን ለመስማት ነው። መጀመሪያ ላይ እንደማንኛችንም መከራከሪያ ደርድረው ይገጥሙ ነበር፤ ሰውየው እየጠነከረ መጣ። ንግግሩን በቪዲዮ እየቀረጹ ማታ ማታ ይመለከቱት ጀመር። የቤቱ ባለቤት የሚለዝበው የራሱን ታሪክ መናገር ሲጀምር መሆኑን ያዩት ያኔ ነው።

እዚህ ላይ አንድ አሳፋሪ ምዕራፍ አለ፤ የሙያውን ጠባይ ስለሚያሳይ አልዘለውም። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2014 ማይክል ላኮር የተባለ የዶክትሬት ተማሪ ከአንድ ታዋቂ ፕሮፌሰር ጋር ሆኖ በሳይንስ መጽሔት ላይ ጥናት አወጣ፤ የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪ የሆነ ሰው በር ላይ ቆሞ የሚያደርገው አጭር ውይይት አመለካከትን ለብዙ ወራት ይለውጣል የሚል። ዓለም አጨበጨበ። ዴቪድ ብሩክማንና ጆሽዋ ካላ የተባሉ ሁለት ወጣት ተመራማሪዎች ያንኑ ጥናት ማያሚ ላይ ሊደግሙ ሲነሱ መጠይቃቸውን የሚመልስላቸው ሰው ቁጥር ከላኮር እጅግ አነሰ። እሱ እንዴት ቻለ ብለው መጠይቁን ሠራ ወደተባለው ኩባንያ ደወሉ፤ ኩባንያው ስለ ጥናቱ የሚያውቀው ነገር አልነበረም። ላኮር ጥሬ መረጃውን ማቅረብ አልቻለም፤ የገንዘብ ምንጭ ብሎ የጻፈውም ሐሰት ሆኖ ተገኘ። ፕሮፌሰሩ ራሳቸው ይሰረዝ ብለው ጻፉ፤ መጽሔቱም እ.ኤ.አ. በግንቦት 2015 ሰረዘው።

በር አንኳኪዎቹ ግን እውነተኛ ነበሩ። የራሳቸው ላብ በሰው ውሸት ተበላሸባቸው። ሌላ ድርጅት ቢሆን ፋይሉን ዘግቶ ዝም ይል ነበር። እነሱ ግን ከአጋላጮቹ ከራሳቸው ጋር ልኬቱን ቀጠሉ።

የማያሚው ጥናት እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2016 ወጣ። በዚያ አካባቢ ትራንስጀንደር ሰዎችን ከመድልዎ የሚጠብቅ ደንብ ወጥቶ ነበር፤ ሕዝቡ ያስሽረዋል የሚል ስጋት ነበር። 56 አንኳኪዎች ሄዱ፤ 501 መራጮች በራቸውን ከፈቱ። ማን የትኛውን ውይይት እንደሚያገኝ በዕጣ ተወስኗል፤ ግማሹ ስለ ትራንስጀንደር ሰዎች፣ ግማሹ ጭራሽ ስለማይገናኝ ነገር፣ ስለ ቆሻሻ መልሶ አጠቃቀም ተወያየ።

ውይይቱ 10 ደቂቃ ያህል ነው። አንኳኪው ጉዳዩ ለሕዝብ ድምፅ ሊቀርብ እንደሚችል ይነግርና ምን ይመስልሃል ይላል። ሰውየው አልደግፍም ካለ አንኳኪው ፊቱን አያጠቁርም። የሁለቱንም ወገን ክርክር የያዘ አጭር ቪዲዮ ያሳያል። ከዚያ ነው ዋናው ጥያቄ የሚመጣው፦ አንተስ ከሌላው በመለየትህ ሰው የፈረደብህ ጊዜ አለ? ሰውየው ይቆማል። አንዱ ስደተኛ ሆኖ የተሰደበበትን ያነሳል፤ ሌላው በድህነቱ፣ ሌላው በበሽታው። አንኳኪውም የራሱን ያወራል። በመጨረሻ፣ ይህን ስናወራ ሐሳብህ ላይ የተለወጠ ነገር አለ? ተብሎ ይጠየቃል። አንኳኪው አመስግኖ ይሄዳል።

የልኬቱ ጥበብ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። በር ላይ የቆመን ሰው ፊት ለፊት ማን ያስቀይማል? ተለውጫለሁ ብሎ ይሸኘዋል። ይሉኝታ የኢትዮጵያ ብቻ አይደለም፤ ማያሚም አለ። ስለዚህ ተመራማሪዎቹ መራጮቹን ከአንኳኪዎቹ ጋር ምንም ዝምድና የሌለው በሚመስል የኢንተርኔት መጠይቅ፣ በብዙ ሌሎች ጥያቄዎች መካከል ደብቀው ጠየቋቸው። በ3 ቀን፣ በ3 ሳምንት፣ በ6 ሳምንት፣ በ3 ወር። ለውጡ በ3 ወሩም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2020 ደግሞ ያው ሁለቱ ተመራማሪዎች የሌሎች ሦስት ሙከራዎችን ውጤት አወጡ። በአንደኛው ውይይቱን ለሁለት ከፈሉት፤ ለአንዳንዱ ሰው ታሪክ መለዋወጡን አስቀርተው ክርክሩን ብቻ ተዉ። ክርክሩ ብቻውን ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላመጣም። ሳይፈርዱ ታሪክ መለዋወጡ ግን ለወራት የዘለቀ ለውጥ አመጣ። ለውጡ ትልቅ አልነበረም፤ አሥር ሰው ቢያናግሩ አሥሩ ሁሉ ይለወጣል ማለት አይደለም።

አሁን ወደ ቤታችን።

የካፋ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1897 እስኪወድቅ፣ ታቶ ጋኪ ሸሮቾም እስኪማረኩ ድረስ ማንጆ የመንግሥቱን በሮች ይጠብቅ፣ ያድን ነበር። ቋንቋው ካፊኛ ነው፤ ደኑን የሚያውቀውን ያህል የሚያውቀው የለም። ግን ቤት አይገባም፤ መንገድ ላይ ሲገናኝ ዳር ይይዛል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሶሲዮሎጂ ክፍል እ.ኤ.አ. በ2001 በደቡብ ኢትዮጵያ ስለተገለሉ የዕደ ጥበብና የአደን ማኅበረሰቦች ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ ገዛኸኝ ጴጥሮስ ይህን በዝርዝር ጽፈውታል። እዚህ ያላችሁ ሽማግሌዎች ግን መጽሐፍ አያስፈልጋችሁም። ቡና ተፈልቶ ስኒው ሲዞር ማንጆው ደጅ ተቀምጦ በኮባ ቅጠል፣ ወይም ለእሱ ተለይታ በተቀመጠች የተሸረፈች ስኒ ሲቀበል አይታችኋል። የቡና መገኛ ነን በምንልበት፣ ቦንጋ ላይ ለቡና ብሔራዊ ሙዚየም በሠራንበት አገር የመለያ መስመሩ የሚሰመረው በራሱ በቡናው ስኒ መሆኑ ለእኔ ሁልጊዜ ይከነክነኛል።

ሲጠየቅ የሚሰጠው ምክንያት አንድ ነው፤ ጉሬዛ ይበላሉ፣ የዱር አሳማ ይበላሉ፣ ንጹሕ አይደሉም። ብዙ ማንጆዎች መብላቱን ተዉ። ሃይማኖት ተቀበሉ፣ ልብስ ቀየሩ፣ ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት ላኩ። ንቀቱ ግን ምክንያቱ ከሄደ በኋላም ቀረ። ይህን ከ2020ው ጥናት ጎን አስቀምጡት። ምክንያቱ ንቀቱን ተሸክሞት አልነበረም፤ ንቀቱ ነው ምክንያቱን ይዞት የሚዞረው። ስለዚህ ማንጆ ጉሬዛ አይበላም ብለን መከራከራችን፣ እውነት ቢሆንም፣ የትም አያደርሰንም።

ሕጉስ? የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ማንጆን ባለ መሬት አደረገው፤ የገበሬ ማኅበሩም አብሮ አስቀመጠው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 25 ሰው ሁሉ በሕግ ፊት እኩል ነው ይላል። ሳዩሪ ዮሺዳ የተባለች ጃፓናዊት ተመራማሪ ማንጆዎች ለመንግሥት ያቀረቧቸውን አቤቱታዎችና እ.ኤ.አ. በ2002 በካፋ የደረሰውን ግጭት አጥንታለች፤ ከአዋጅ በኋላም አቤቱታና ደም ነበረ ማለት ነው። ሕግ ያስፈልጋል። ግን ሕጉ ቢሮ ውስጥ ሲሆን ስኒው ማጀት ውስጥ ነው።

አብረው ቢውሉ ይለመዳሉ የሚል ሰው አለ። እኛ ስንት መቶ ዓመት አብረን ውለናል! ማንጆ ማገዶና ከሰል ይዞ በየገበያው ይመጣል፤ እንገዛዋለን፣ እንከራከረዋለን። ጎርደን ኦልፖርት የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1954 እንደጻፈው መገናኘት ንቀትን የሚቀንሰው የተገናኙት ሰዎች በዚያ ቦታ ላይ እኩል ሲሆኑ፣ ለአንድ ዓላማ ሲተባበሩና ከበላያቸው ያለው ባለ ሥልጣን ሲደግፈው ነው። አንዱ ቆሞ ሌላው ተቀምጦ የሚገናኙበት ገበያ ንቀቱን በየሳምንቱ ያድሰዋል እንጂ አያጠፋውም።

ለመምህራን አንድ ነገር ልጨምር፤ የተማሪ እግር ኳስ ቡድን ቀላቅለን ብንሠራስ የሚል ሐሳብ በየቦታው እሰማለሁና። ሳልማ ሙሳ የተባለች ተመራማሪ ኢራቅ ውስጥ በአይሲስ የተፈናቀሉ ክርስቲያኖች በሚጫወቱባቸው አማተር ቡድኖች ይህን ሞክራለች፤ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2020 ታተመ። በዕጣ ሙስሊም ተጫዋቾች የተቀላቀሉባቸው ቡድኖች ክርስቲያኖች ከወራት በኋላም ከሙስሊሞች ጋር ይለማመዱ ነበር፤ ለሚቀጥለው ውድድርም በተቀላቀለ ቡድን ይመዘገቡ ነበር። ግን ሞሱል ሄደው ምግብ ቤት እንዲበሉ ኩፖን ሲሰጣቸው ከሌሎቹ የተለየ ነገር አላደረጉም። ሜዳ ላይ የተገኘው ከሜዳ አልወጣም። ስለዚህ ኳሱ ይቀጥል፤ ብቻ የኳሱ ቡድን አንድ ላይ ፎቶ ተነሳ ብለን ሪፖርት ላይ ተሳክቷል ብለን አንጻፍ።

ሬዲዮስ? ሬዲዮን እኛ ኢትዮጵያውያን እናውቀዋለን፤ በዶክተር ነጉሴ ተፈራ የተመራው ፖፑሌሽን ሚዲያ ሴንተር ከ2002 እስከ 2004 እ.ኤ.አ. የቀን ቅኝትን በ257 ክፍል አስተላልፏል፤ በየቤቱ ያስለቀሰ ድራማ ነው። ሩዋንዳ ውስጥ ደግሞ ኤሊዛቤት ሌቪ ፓላክ ሙሴኬወያ የተባለውን የዕርቅ ድራማ ለአንድ ዓመት በቡድን ያዳመጡ መንደሮችን፣ ስለ ጤና ድራማ ካዳመጡ ሌሎች መንደሮች ጋር አነጻጽራለች። የዕርቁ ድራማ አድማጮች የግል እምነታቸው ብዙም አልተለወጠም፤ የተለወጠው ጎረቤቴ ምን ያስባል፣ በእኛ መንደር ምን ይፈቀዳል የሚለው ግምታቸው ነበር። በመጨረሻ ላይ ለየመንደሩ የካሴቱ ስብስብና ቴፕ ተሰጠ፤ ማን ይያዘው? የጤናው ድራማ መንደሮች ወዲያው ለመንደሩ ሹም እንስጠው አሉ። የዕርቁ ድራማ መንደሮች ተከራከሩ፣ ተነጋገሩ፣ በጋራ ለመያዝ ወሰኑ። መጠይቁ ላይ ያልታየው ለውጥ ቴፑ ላይ ታየ።

ይህ ለካፋ ትልቅ ነገር ነው። ብዙ የቤት እመቤቶች ለማንጆው ደህና ስኒ የማይሰጡት እሱን ከመናቅ ይልቅ ጎረቤት ስኒዋ ረከሰ ብላ ቡናዋን እንዳትተዋት ፈርተው እንደሆነ እጠረጥራለሁ። እያንዳንዷ ሌላዋን ትፈራለች፤ ሁሉም በልቧ ምን አለበት ትላለች፣ ማንም አትጀምርም። ከንባታ ላይ ወይዘሮ ቦጋለች ገብሬ እ.ኤ.አ. በ1997 የመሠረቱት ድርጅት የሴት ልጅ ግርዛትን ሲታገል ይህን ፍርሃት የሰበረው በአደባባይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 ያልተገረዘች ሙሽራ በሕዝብ ፊት ተዳረች፤ ሚዜዎቿም ያልተገረዙ መሆናቸውን በጽሑፍ አንግበው ቆሙ። የማኅበረሰብ ውይይት የምንለው የከንባታው ዘዴ በኤችአይቪ ዘመን ወደ ብዙ ወረዳ ተዛመተ፤ ከዚያ ቀስ በቀስ የተሰብሳቢ ስም ዝርዝርና የአበል ፊርማ ሆኖ ቀረ። ስንት ሰው ተገኘ? ይባላል። ማን ተለወጠ? የሚል አምድ በቅጹ ላይ የለም።

እንግዲህ ሺሺንዳ ላይ ቢሞከር ምን ይመስላል? ቀበሌዎቹ ስማቸው ባርኔጣ ውስጥ ገብቶ ዕጣ ይወጣላቸዋል፤ ግማሾቹ ውይይቱን አሁን ያገኛሉ፣ ግማሾቹ በሚቀጥለው ዓመት። አንኳኪው ገብቶ ስለ እኩልነት አይሰብክም። አንቺስ የተናቅሽበት ቀን አለ? ይላል። እዚህ አካባቢ ይህ ጥያቄ መልስ አያጣም። የገባር ሥርዓትን ከአያቱ የሰማ ሽማግሌ አለ። አዲስ አበባ ሄዶ በአነጋገሩ የተሳቀበት ወጣት አለ። መካን ናት ተብላ ከሰርግ ቤት ጓዳ የተገለለች ሴት አለች። እሱን ይናገሩ። ስለ ማንጆ የሚወራው ከዚያ በኋላ ነው፤ ያውም ሳይፈረድባቸው።

ሲለካ ደግሞ ማንጆን ትንቃላችሁ ወይ? ተብሎ አይጠየቅ። ማንም አልንቅም ይላል፤ ይሉኝታ አለና። ከ3 ወር በኋላ ለቅሶ ቤት ውስጥ ማን ለማን ምን ላይ ቡና እንደሰጠ የሚያይ፣ ማንጆው ከየትኛው አግዳሚ ላይ እንደተቀመጠ የሚመዘግብ ሰው ይሂድ። ያ ሰው የትኛው ቀበሌ ውይይቱን እንዳገኘ አይነገረው፤ ካወቀ ዓይኑ የሚፈልገውን ያያል። በውጤቱ ለውጥ ካልታየ፣ ለውጥ የለም ተብሎ ይታተም። የላኮር ታሪክ ለዚህ ነው የሚጠቅመን።

የቀረው፣ ማን ያንኳኳ የሚለው ነው። አብዛኛው ሰው ይህን ሐሳብ ሲሰማ ማንጆ ወጣቶችን እናሰልጥንና በየቤቱ እንላካቸው ይላል። እኔ አልስማማም። የተናቀው ሰው ደጅ ለደጅ እየዞረ፣ በር እየተዘጋበት፣ ሰው መሆኑን ሲያስረዳ እንዲውል መጠየቅ ሌላ ሸክም መጫን ነው፤ ፈቃደኛ ከሆነ ይሂድ፣ ግዴታው ግን አይደለም። በማያሚ ካንኳኩት 56 ሰዎች አንዳንዶቹ ትራንስጀንደር፣ ሌሎቹ ያልሆኑ ነበሩ፤ የሁለቱም ውይይት ሠርቷል። ስለዚህ ማንጆ ያልሆነው ካፊቾ ራሱ ሊያንኳኳ ይችላል፤ በተለይ በየመንደሩ ቡና የሚያፈሉት እናቶች። ስኒው ያለው በእነሱ እጅ ነው፤ ጎረቤታቸውን እንዴት እንደሚያናግሩም ከማንኛውም አሰልጣኝ ይልቅ ያውቃሉ። ፈቃደኞቹ ከዚህ ስብሰባ በኋላ ስማቸውን ለመምህራኑ ይስጡ፤ ዕጣው የሚወጣው ግን ሁላችሁም ባላችሁበት፣ በአደባባይ ነው።